የብረት ፋብሪካ ጭስ ማውጫ ምንድን ነው?

ከሳሪስ ወደ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲም ወደ አቃቂ ስትወርዱ መንገዱ ግራና ቀኙ ፋብሪካ ነው። ከጣሪያዎቹ በላይ ቀድሞ ዓይን ውስጥ የሚገባው ደግሞ ጭስ ማውጫ ነው። ምን ይሠራል ተብሎ ሲጠየቅ ብዙ ሰው «ጭሱን ከሰው ለማራቅ» ይላል። ልክ ነው፣ ግን ግማሹ ብቻ ነው። የድሮው ረጅም ጭስ ማውጫ ከሁሉ በፊት አየር መሳቢያ ነበር። እሳቱን የሚያነደው እሱ ነው።

ነገሩ የክብደት ጉዳይ ነው። ባሕር ወለል ላይ አንድ ሜትር ኩብ አየር በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 1.2 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። 300 ዲግሪ ሲሞቅ ወደ 0.6 ኪሎ ይወርዳል። ጭስ ማውጫው ውስጥ ያለው ትኩስ አየር ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይወጣል። ከሥር ከባዱ ቀዝቃዛ አየር ተሻምቶ ይገባና ከሰሉን ያቀጣጥላል። ግንቡ በረዘመ ቁጥር አየር የመሳብ ኃይሉ ይጨምራል። እዚህ ላይ የእኛ ከተማ አንድ ችግር አለባት። በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ስስ ነው፤ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር ከአንድ አምስተኛ በላይ ይቀላል። ስለዚህ ያው ጭስ ማውጫ እዚህ ሲቆም የመሳብ አቅሙ በዚያው ልክ ይቀንሳል።

የብረት ማዕድን የሚቀልጥበት ትልቁ ምድጃ ግን በጭስ ማውጫ ስበት ብቻ አይሠራም። አየር በኃይል ይነፋበታል። በአውሮፓ የድሮ ብረት ፋብሪካዎች የሚታዩት ረጃጅም ጭስ ማውጫዎች አብዛኞቹ የቆሙት ለሌላ ሥራ ነው። አንዳንዱ መንፊያውን ለሚያንቀሳቅሰው የእንፋሎት ሞተር ማሞቂያ፣ አንዳንዱ አየሩ ቀድሞ ለሚግልበት ምድጃ ነበር። ትኩስ አየር የመንፋትን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1828 ያስመዘገበው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ኒልሰን ነው፤ ብዙ ከሰል አትርፏል።

ፋብሪካው ሲዘጋ ማሽኑ ይሸጣል፣ ቆርቆሮው ይነቀላል፣ ብረቱ ተመልሶ ይቀልጣል። ጭስ ማውጫው ግን ጡብ ነው። ማፍረሱ ወጪ አለው፣ ተሽጦ የሚገኘው ጥቂት ነው። ስለዚህ ብቻውን ይቀራል። ጀርመን ፎልክሊንገን የሚገኘው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1986 ሥራ ሲያቆም ሙሉውን እንዳለ አቆዩት፤ በ1994 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው። እንዲህ ያለ ዕድል የሚገጥመው ጥቂቱ ነው።

የእኛን አገር የብረት ቅርስ በጭስ ማውጫ የሚፈልግ ሰው ግን ባዶ እጁን ይመለሳል። የእኛ ባለእጆች አየሩን የሚነፉት በወናፍ ነበር። ሁለት የቆዳ ከረጢቶች ጎን ለጎን ሆነው፣ አንዱ ሲጫን ሌላው ይሞላል፤ ትንፋሹ አይቋረጥም። አየሩ በሸክላ ቱቦ ወደ ከሰሉ ይገባል። ከሰሉ ሁለት ሥራ አለው፦ ያሞቃል፣ ከማዕድኑም ኦክስጅኑን ይነጥቃል። ንጹሕ ብረት የሚቀልጠው በ1,538 ዲግሪ ነው። የአፈር ምድጃ እዚያ መድረስ አያስፈልገውም። 1,200 ዲግሪ ገደማ ላይ ቆሻሻው ቀልጦ ይፈሳል፣ ብረቱ ደግሞ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ የበዛበት እብጥ ሆኖ ይቀራል። ያ በጉጠት ተይዞ መስፍ ላይ በመዶሻ ይቀጠቀጣል። ማረሻው፣ ማጭዱ፣ መጥረቢያው፣ ጦሩ የወጣው ከዚህ ነው።

ይህን የሠራው ሰው ምን ተባለ? ጠይብ፣ ቡዳ፣ ሌሊት ጅብ የሚሆን። ገበሬው በእጁ ሥራ እያረሰ ልጁን አልድርለትም አለ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከለከሉ፤ ስድቡ ግን ከአዋጁ በኋላም ዘመን ተሻግሯል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ሙያውን የጎዳው ከውጭ የገባው ርካሽ ብረት ብቻ አይደለም። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. በአቃቂ አልፎ አዲስ አበባ ሲገባ የውጭ ብረት መምጣቱ ቀለለ፤ ልጅ የአባቱን ሙያ እንዲደብቅ ያደረገው ግን ንቀቱ ነው።

ዛሬ በአቃቂና በዱከም መስመር ያሉት ፋብሪካዎች ፌሮ የሚሠሩት በአመዛኙ ከማዕድን አይደለም። ቆራሌው ከየሰፈሩ የሰበሰበው ቁርጥራጭ በኤሌክትሪክ ምድጃ ይቀልጣል፣ ወይም ከውጭ የመጣ ብረት እየጋለ ይዳመጣል። የኤሌክትሪክ ምድጃው ነዳጅ አያነድም፣ አቧራውን ማራገቢያ ይስበዋል። አየር ለመሳብ ተብሎ የሚቆም ረጅም ግንብ አያስፈልገውም።

ማዕድን የቀለጠበት ቦታ ምልክቱ መሬት ላይ ነው። የብረት አር ይባላል፤ ከምድጃው የፈሰሰው ቆሻሻ ደርቆ የቀረ ጥቁር፣ ከባድ ጓል ነው። ላዩ ላይ እንደ ወፍራም ፈሳሽ የታጠፈ መስመር፣ ውስጡ የአረፋ ቀዳዳ ይታያል። አንዳንዴ ከሰል ተጣብቆበት ይገኛል። በዚያ ከሰል ምድጃው የነደደበትን ዘመን በካርቦን ምርመራ መገመት ይቻላል። የቤት መሠረት ሲቆፈር እንዲህ ዓይነት ጓል በብዛት ከወጣ አትጠቡት፣ ከቦታውም አታንሱት። ፎቶ አንሡና ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ንገሩ። የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992ም በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅ ያዛል።