በደም ስር የሚሰጥ የስኳር ውሃ (ዴክስትሮዝ)

በተለምዶ ተሰቅሎ የሚንጠባጠብ ነገር ሁሉ "ግሉኮስ" ነው የሚባለው፣ ብዙው ግን የጨው ውሃ ነው። ዴክስትሮዝ ግን ግሉኮስ ራሱ ነው። ተራ ስኳር አይተካውም፤ የሚፈጨው አንጀት ውስጥ ስለሆነ ደም ስር ቢገባ እንዳለ በሽንት ይወጣል፣ ይሄን ፈረንሳዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ክሎድ ቤርናር በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሳይቷል።

ፐርሰንቱ በ100 ሚሊ ውስጥ ያለው ግራም ነው። 5 ፐርሰንቱ በሊትር 50 ግራም ይይዛል፣ ጉልበቱ 170 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነው፣ 3 ሊትር ሙሉ ቢወሰድ እንኳ የአንድ አዋቂ የቀን ፍላጎት ሩቡ ቢሆን ነው፣ ስለዚህ "ግሉኮስ ይሰጠውና ይበርታ" የሚባለው ብዙም አያስኬድም።

ታዲያ ስኳሩ ምን ይሰራል? ንጹህ ውሃ ብቻውን ደም ስር ቢገባ ቀይ የደም ሴሎች ውሃውን ስበው አብጠው ይፈነዳሉ። 5 ፐርሰንት ስኳር ሲኖርበት ግን ውሃው ውስጥ የሟሟው ነገር መጠን ደም ውስጥ ካለው ጋር ስለሚቀራረብ ሴሎቹ ይችሉታል። ከገባ በኋላ ሰውነት ስኳሩን ይጠቀምበትና ውሃው ብቻውን ይቀራል፣ ሁለት ሦስተኛው ሴል ውስጥ ይገባል፣ ከ1 ሊትሩ ደም ስር ውስጥ የሚቆየው 80 ሚሊ ገደማ ነው። ለዚህ ነው ብዙ ደም ለፈሰሰው ሰው ግፊት ለማንሳት የማይሆነው፣ ጭንቅላቱ ለተጎዳ ሰው ደግሞ የአንጎል እብጠት ያባብሳል፣ ህጻናት ላይ ብቻውን ሲሰጥ ሶዲየም ያወርዳል። ደም በሚሰጥበት መስመርም አብሮ አይሄድም፣ ሴሎቹን ያበላሻል።

10 ፐርሰንት ሲጠፋ ይበጠበጣል። 8 እጅ ከ5 ፐርሰንቱ፣ 1 እጅ ከ50ው፦ 80 ሚሊው 4 ግራም ይይዛል፣ 10 ሚሊው 5 ግራም፣ ተደምሮ በ90 ሚሊ 9 ግራም። ጎበዝ ነርስ ይሄን ወረቀት ሳትይዝ ትሰራዋለች።

50 ፐርሰንቱ ስኳሩ ወርዶ ራሱን ለሳተ ሰው ነው፣ 50 ሚሊው 25 ግራም ነው። በጣም ወፍራም ነው፣ ከደም ስር ውጪ ከፈሰሰ ስጋውን ይገድላል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ሲሪንጁን ሳብ አድርጎ ደም መመለሱን ማየት፣ ከዛ ቀስ እያሉ መግፋት ነው። አሁን አሁን 10 ፐርሰንት ይሻላል የሚሉ በዝተዋል፣ ለህጻናትማ የሚያከራክር አይደለም። በረሃብ ወይ በመጠጥ ለተጎዳ ሰው ቲያሚን (ቫይታሚን ቢ1) አብሮ ወይ ቀድሞ ይሰጣል።

ድሮ ድሪፕ የተሰጠው ሰው ብዙ ጊዜ ያንቀጠቅጠው ነበር፣ አሜሪካዊቷ ባዮኬሚስት ፍሎረንስ ሳይበርት በ1923 ምክንያቱ የተጣራው ውሃ ውስጥ የቀረ የባክቴሪያ ተረፈ ምርት መሆኑን ለየች። ማምከን ላይ ቀልድ የለም። በ1972 እንግሊዝ ፕሊመዝ ውስጥ በደንብ ያልመከነ 5 ፐርሰንት ዴክስትሮዝ 5 ሰው ገድሏል፣ በአውቶክሌቩ (በእንፋሎት ማምከኛው) ውስጥ ከታች የተደረደሩት ጠርሙሶች የሚፈለገው ሙቀት አልደረሳቸውም ነበር። ከረጢቱን ከመስቀል በፊት ወደ ብርሃን አንስቶ ማየት የግድ ነው፣ ከደፈረሰ፣ የሚንሳፈፍ ነገር ካለው ወይ ሲጨመቅ ጠብ ካለ ይጣላል።