የካምፑ በር ለማን ልጅ ይከፈታል?

ቅዱሳን፣ ክረምቱ ሳይገባና የልጆች ካምፕ ኮሚቴዎች ቲሸርት ሳያሳትሙ አንድ ነገር አብረን እንይ። ካምፑ ላይ ምን ይሰበካል የሚለውን ሁሉም ያስብበታል። መዝሙሩ፣ ድራማው፣ ጨዋታው፣ ሁሉም ሰው ተመድቦለት ይዘጋጃል። ማን ይጠራል የሚለው ግን ብዙ ጊዜ አይነሳም። ልጆች ደግሞ ስብከቱ ሳይጀመር ግራ ቀኛቸውን አይተው የመጀመሪያውን ትምህርት ወስደዋል። እዚህ ያለው ሁሉ እንደኔ ያለ ልጅ ነው፣ ስለዚህ የእግዚአብሔር ሰዎች እንደኔ ያሉ ናቸው። በቃ፣ ገባቸው።

ይህ ነገር የት ድረስ ሊሄድ እንደሚችል ማየት የፈለገ የእንግሊዝን ታሪክ ይይ። ስለ እነሱ ለማማት አይደለም። ሐሳቡን እስከ መጨረሻው ስለወሰዱት ውጤቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

እ.ኤ.አ. በ1780 ግሎስተር በምትባል ከተማ ሮበርት ሬይክስ የሚባል ጋዜጣ አሳታሚ፣ ሳምንቱን ሙሉ ሲሠሩ የሚውሉ የድሃ ልጆች በእሁድ ተሰብስበው ማንበብና መጽሐፍ ቅዱስ እንዲማሩ አደረገ። ሰንበት ትምህርት ቤት በአገሩ የተስፋፋው እንዲህ ነው፣ ለድሃ ልጅ ተብሎ። እዚህ ድረስ ምን ይወጣለታል። ችግሩ በኋላ መጣ። ያላቸው ሰዎች ልጆቻቸውን ከድሃ ልጅ አጠገብ ማስቀመጥ አልፈለጉም። ቤተ ክርስቲያን ታዲያ ምን አለቻቸው? ኑና አብራችሁ ተቀመጡ አላለችም። ለእነሱ ሌላ ክፍል ከፈተችላቸው። በ1900 ሰሜን ለንደን ውስጥ ክራውች ኤንድ በተባለ ሰፈር ከህንድ የተመለሰ አንድ ሚስዮናዊ የጀመረውና በኋላ ክሩሴደርስ የተባለው የወንዶች ልጆች ክፍል ለዓመታት ታሳቢ ያደረገው ከፍሎ የሚማረውን ልጅ ነበር። ምክንያቱም ሰንበት ትምህርት ቤት የድሃ ነው ስለተባለ እነዚህ ልጆች አይመጡም የሚል ነበር። አያችሁ ወገኖች፣ ወላጆቹ ናቁ፣ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ንቀቱን እንደ ስልት ተጠቀመችበት።

በመካከል አንድ ደስ የሚል ነገር አለ፣ ልለፈው አልችልም። በ1868 በጋ ጆሳያ ስፓየርስ የሚባል ሰው ዌልስ ውስጥ ላንዲድኖ ባሕር ዳርቻ አሸዋው ላይ "እግዚአብሔር ፍቅር ነው" ብሎ ጻፈ። ልጆቹ ፊደሎቹን በጠጠር አስጌጡ፣ እሱም ታሪክ ነገራቸው። አሸዋ ላይ በር የለም። የመጣ ይቀመጣል። በኋላ ስክሪፕቸር ዩኒየን የተባለው አገልግሎት ከዚህ ዓይነት ሥራ ነው ያደገው።

በዚሁ ስክሪፕቸር ዩኒየን ውስጥ በ1932 አንድ የአንግሊካን ቄስ ሥራ ጀመረ። ኤሪክ ናሽ ይባላል፣ ልጆቹ "ባሽ" ይሉታል። ከቅስናው በፊት የኢንሹራንስ ሠራተኛ ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነበር። አገር የሚመሩት፣ ዳኛ፣ ጄኔራል፣ ሚኒስትርና ጳጳስ የሚሆኑት ከጥቂት ትምህርት ቤቶች ነው የሚወጡት። ስለዚህ እነዚያን ልጆች ለጌታ ማረክህ ማለት አገሪቱን ማረክህ ማለት ነው። ውኃ ከተራራው ራስ ከተለቀቀ ሜዳውን ራሱ ያገኘዋል ብሎ አሰበ። እንደ ኢተን፣ ዊንቸስተር፣ ራግቢ ያሉ ሠላሳ ገደማ ትምህርት ቤቶች ተመረጡ። እነዚህን እንግሊዞች "ፐብሊክ ስኩል" ይሏቸዋል፣ የመንግሥት እንዳይመስሏችሁ። ዛሬ ኢተን አንድ ልጅ በዓመት ከ50 ሺህ ፓውንድ በላይ ይከፍላል። በአገሩ የግል ትምህርት ቤት የሚማረው ልጅ በአጠቃላይ 7 በመቶ ገደማ ነው፣ እነዚህ ሠላሳዎቹ ደግሞ ከዚያም ውስጥ ጫፍ ላይ ያሉት ናቸው።

ናሽ ለእነዚህ ልጆች ያዘጋጀው ካምፕ ዶርሴት በተባለ የእንግሊዝ አውራጃ ውስጥ ዩወርን ሚንስተር በምትባል መንደር ባለ አዳሪ ትምህርት ቤት ለብዙ ዓመታት ተካሄደ፣ ስሙም ዩወርን ሆነ። ድንኳን አልነበረም፣ ስሙ ብቻ ነው ካምፕ። አስተማሪዎቹ "ኦፊሰር" ይባሉ ነበር። ማንም ተነስቶ አይመዘገብም፣ የሚገባው በግብዣ ነው። ቀጥለው ላሉት የግል ትምህርት ቤቶች ደግሞ ሌላ ካምፕ ነበራቸው። የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጅማ ጭራሽ አይታሰብም።

አሁን ፍሬ አልነበረውም እንዳልል እውነቱ ይይዘኛል። እነዚያ ልጆች ብዙዎቹ በስምንት ዓመታቸው ከእናታቸው ተለይተው አዳሪ ቤት የገቡ ናቸው። ሀብታም ናቸው፣ ግን ብቸኞች ናቸው። ካምፑ ላይ ስማቸውን የሚጠራ፣ የሚያዳምጣቸው ትልቅ ሰው አገኙ። በኋላ የታወቀ የአንግሊካን ሰባኪና ጸሐፊ የሆነው ጆን ስቶት በ1938 በ16 ዓመቱ ራግቢ እያለ በናሽ ስብከት ጌታን ተቀበለ፣ ናሽም ለዓመታት በየሳምንቱ ደብዳቤ ይጽፍለት ነበር። በየሳምንቱ! ዛሬ ከመካከላችን ለአንድ ታዳጊ በየሳምንቱ አንድ መልእክት በቴሌግራም የሚልክ ስንት ነው? ስቶት በኋላ በዓለም ዙሪያ ለወንጌላውያን ምን እንዳደረገ የሚያውቅ ያውቀዋል። የሀብታም ልጅም ነፍስ አለው፣ ክርስቶስ ለእሱም ሞቷል። ይህን ለማስተባበል አልተነሳሁም።

ግን ወደ ሀብታሙ መሄድና ለሀብታሙ አጥር ማጠር ለየቅል ናቸው። ጌታ ዘኬዎስ ቤት ገባ፣ የገባው ግን ሕዝቡ ሁሉ እያየና እያጉረመረመ ነው። ከዚያ ቤት ምን ወጣ? የገንዘቡ እኩሌታ ለድሆች ወጣ። ዘኬዎስን ለብቻው፣ ከሌሎች ቀረጥ ሰብሳቢዎች ጋር ብቻ፣ ድሃው በማያይበት ግቢ አላገኘውም።

ያዕቆብ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ "ወንድሞቼ ሆይ፥ በክብር ጌታ በኢየሱስ ክርስቶስ ያለውን እምነት ለሰው ፊት በማድላት አትያዙ።" ቀጥሎ የወርቅ ቀለበት ያደረገው ሰው ሲገባ "በመልካም ስፍራ ተቀመጥ" ይባላል፣ ድሃው "ወደዚያ ቁም" ይባላል። ልብ በሉ፣ ያዕቆብ የሚገሥጻት ጉባኤ ቢያንስ ድሃውን በሩን አሳልፋዋለች። ቆመም ተቀመጠ፣ ገብቷል። ዩወርን ላይ እዚያ ድረስም አልደረሰም።

"ስልት ነው እንጂ አድልዎ አይደለም" የሚል አይጠፋም። ጳውሎስ ግን ስልቱን ከሥሩ ነው የሚነቅለው፦ "እንደ ሥጋ ጥበበኞች የሆኑ ብዙዎች፥ ኃይለኞች የሆኑ ብዙዎች፥ ባላባቶች የሆኑ ብዙዎች አልተጠሩም።" እግዚአብሔር ባላባት አይጠራም አላለም፣ ባላባት ላይ አልተደገፈም ነው የሚለው። ለአሥራ አራት ዓመት ልጅ "አንተ ነገ መሪ ስለምትሆን ነው የምንፈልግህ" ስትለው የምትነግረው ወንጌል አይደለም። ጌታ ለወንበርህ ነው የሚፈልግህ እያልከው ነው። ወንበሩ የቀረ ቀን ምን ሊሆን ነው? ደግሞ ወንበሩ ላይ ቢወጣስ፣ የሚመራውን ሕዝብ በእምነት ወንድሙ አድርጎ መቼ አየውና?

የሚያሳዝነኝ፣ በዚያው ዘመን ሌላ መንገድ እዚያው አገር ላይ ይታይ ነበር። በኋላ ንጉሥ ጆርጅ ስድስተኛ የሆነው የዮርክ መስፍን ከ1921 ጀምሮ በየክረምቱ 400 ወንድ ልጆች ይሰበስብ ነበር። ሁለት መቶው ከእነዚሁ ታላላቅ ትምህርት ቤቶች፣ ሁለት መቶው ከፋብሪካና ከድርጅት የመጡ ወጣት ሠራተኞች። ሁሉም በቁምጣ፣ በአንድ ቡድን ተደባልቀው ይጫወታሉ፣ አንድ ላይ ይበላሉ። እንከን አልነበረበትም አልልም፣ አንድ ሳምንት ተጫውተው ሁሉም ወደየመደቡ ይመለሳል። ቢሆንም የንጉሥ ልጅ ሊያስበው የቻለውን "በክርስቶስ አይሁዳዊ ወይም ግሪክ የለም" እያለ የሚሰብክ ካምፕ አላሰበውም። ይህ ያሳፍራል።

ከዚያ ወዲህ የመጣውን ብዙዎቻችሁ በዜና ሰምታችኋል። ጆን ስማይዝ የተባለ ታዋቂ ጠበቃ ዩወርንን የሚደግፈው ድርጅት ሊቀ መንበር ነበር። በካምፑ በኩል የቀረባቸውን ልጆች፣ ብዙዎቹን ከዊንቸስተር፣ ቤቱ እየወሰደ ጓሮው ባለ ዳስ ውስጥ በዱላ ይገርፋቸው ነበር፣ ለቅድስናችሁ ነው እያለ። በ1982 የካምፑ መሪዎች ጉዳዩን በጽሑፍ አስጠኑ፣ አወቁ፣ ለፖሊስ ግን አልተናገሩም። ሰውዬው በ1984 ወደ ዚምባብዌ ሄደ። እዚያም ካምፕ ከፈተ፣ እዚያም የታወቁ የግል ትምህርት ቤቶችን ልጆች ሰበሰበ፣ በ1992 የ16 ዓመት ልጅ ካምፑ ላይ መዋኛ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ስማይዝ በእንግሊዝ ፍርድ ቤት ሳይከሰስ በ2018 ሞተ። በኅዳር 2024 የወጣው የምርመራ ሪፖርት የተጎዱትን ከ100 በላይ አደረሳቸው። በወጣትነቱ በዚያው ካምፕ ያገለገለው የያኔው የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ጀስቲን ዌልቢም በዚያው ወር ከሥልጣን እንደሚለቅ አስታወቀ።

በደል በድሃ ሰፈርም ይደርሳል፣ መደብ ብቻ አመጣው ብል ውሸት ይሆንብኛል። ዝምታውን ግን አጥሩ አልረዳውም ማለት አልችልም። ሁሉም የሚተዋወቁ፣ በአንድ ዓይነት ትምህርት ቤት ያለፉ፣ የተጋቡ፣ አንዱ የሌላውን ልጅ ክርስትና ያነሳ። ከውጭ ገብቶ "ምንድን ነው ይሄ?" የሚል ሰው የለም። "የአገሪቱ መዳን በእኛ ሥራ ላይ ነው" ብሎ የሚያምን ማኅበር ደግሞ ልጅ ሲያለቅስ ከልጁ ይልቅ ለሥራው ይሳሳል። የዩወርን ስም በ2020 እንዲቀር ተደረገ። ስም ማንሳት ቀላል ነው።

እኛስ? ኢተን የለንም። አዲስ አበባ ውስጥ ግን የካምፑ ማስታወቂያ በእንግሊዝኛ ብቻ ሲወጣ፣ ክፍያው አንድ የጥበቃ ሠራተኛ በወር የሚያገኘውን ሲያልፍ፣ ማንም ሰው "ድሃ አይምጣ" ብሎ ሳይጽፍ ሥራው ተሠርቷል። "ስፖንሰር እናደርጋለን እኮ" ይባላል። እሺ፣ ስፖንሰር የተደረገውን ልጅ መድረክ ላይ አውጥቶ ማስጨብጨብ ምን የሚሉት ነው? ልጁ ሳምንቱን ሙሉ ስሙ "ስፖንሰር" ሆኖ ይከርማል። ማታ ማታ ሌሎቹ ከሻንጣቸው ቺፕስና ብስኩት ሲያወጡ እሱ እናቱ በፌስታል የቋጠረችለትን ቆሎ ብርድ ልብስ ውስጥ ደብቆ ይበላል። ጳውሎስ ቆሮንቶስን የተቆጣው በዚህ ነው፣ አንዱ ይራባል ሌላው ይሰክራል፣ ምንም የሌላቸውንም ታሳፍራላችሁ ብሎ።

ይህ ሁሉ ሆኖ እኔን ከሁሉ በላይ የሚከነክነኝ ሌላ ነው። የልጁን የካምፕ ቦርሳ ማን አዘጋጀው? በስንቱ ክርስቲያን ቤት ያቺ ከገጠር የመጣች ልጅ ናት። አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት ቢሆናት ነው። ካልሲውን የጠቀለለች፣ ፎጣውን ያጠፈች፣ የጥርስ ብሩሹን በፌስታል የጠቀለለች እሷ። ከካምፑ ልጆች ጋር እኩያ ናት። ይቺ ልጅስ ትሂድ ብሎ የጠየቀ አለ? ልጅ መሆኗ ራሱ ትዝ የሚለው የለም።

መጽሐፉን ግን እዩት። ሁለተኛ ነገሥት ምዕራፍ አምስት ላይ የሶርያው የጦር አለቃ ንዕማን ለምጻም ነው። ናሽ ቢሆን ቀጥታ ወደ ንዕማን ነበር የሚሄደው፣ ትልቅ ሰው ነዋ። እግዚአብሔር ግን ወሬውን በቤቱ ያስቀመጠው ተማርካ ሚስቱን በምታገለግል አንዲት ታናሽ ብላቴና ነው። ጌታዬ በሰማርያ ካለው ነቢይ ፊት ቢደርስ ይፈወስ ነበር አለች። ስሟ እንኳ አልተጻፈም። ወንጌል ከላይ ወደ ታች ብቻ ይወርዳል ያለው ማነው? እዚህ ከማድ ቤት ነው ወደ ሳሎን የወጣው። ኢየሱስም "ሕፃናትን ወደ እኔ ይመጡ ዘንድ ተዉአቸው አትከልክሉአቸው" ሲል የእነማንን ልጆች አልለየም።

ስለዚህ ኮሚቴ ላይ ያላችሁ፣ ዘንድሮ ቅጹ ላይ "የምትማርበት ትምህርት ቤት" የሚለውን መጠይቅ አውጡት፣ ለምንም አይጠቅማችሁም። ክፍያውን ወላጅ በፖስታ ያስገባ፣ የቻለውን፣ ማን ስንት እንደከፈለ ሒሳብ ያዡ ብቻ ይወቅ። መክሰስ ከቤት አይምጣ፣ አንድ ላይ ገዝታችሁ ለሁሉም እኩል አካፍሉ። ትምህርቱ በአማርኛ ይሁን፣ ወይም ልጆቹ በሚናገሩት በየትኛውም ቋንቋ፣ እንግሊዝኛ የማይችል ልጅ እንደ ደደብ እንዳይቆጠር። የልጆች ጥበቃ መመሪያችሁንም ለሁሉም ወላጅ ስጡ፣ ለጽዳት ሠራተኛዋም ጭምር፣ ልጇን ልካለችና የመጠየቅ መብት አላት።

ወላጆች ደግሞ፣ በቤታችሁ ያለችውን ልጅ አብራችሁ አስመዝግቧት። ልጃችሁን እንድትጠብቅ ወይም ሳህን እንድታጥብ አይደለም፣ እንደማንኛዋም ልጅ እንድትጫወት፣ እንድትዘምር፣ እንድትማር ነው። ቦርሳዋን እናንተ አዘጋጁላት። የሳምንቱ ደመወዟም አይቆረጥባት።