በጦር ሜዳ የወደቁ ባልንጀሮችን በማኅበር መዘከር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የአይሁድ የጦር መሪ ይሁዳ መቃቢ ከውጊያው በኋላ የወደቁትን ሊያነሣ ከሠራዊቱ ጋር ወጣ። አሳባቸው ወንድሞቻቸው በአባቶቻቸው መቃብር እንዲያርፉ ነበር። ሬሳውን ሲያነሡ ግን በእያንዳንዱ ሟች ቀሚስ ሥር የያምንያ ከተማ ጣዖታት ምልክት ታስሮ አገኙ፤ ሕጉ የከለከለው፣ ክታብ መሰል ነገር። ይሁዳ ጥሏቸው አልሄደም። ያየውን ሸሽጎ «ንጹሐን ነበሩ» ብሎም አላወራላቸውም። ኃጢአታቸው እንዲደመሰስ ሁሉም ለጸሎት ቆሙ፤ ከዚያ ከእያንዳንዱ ሰው አዋጥቶ 2000 የብር ድራክማ ሰበሰበና መሥዋዕት እንዲቀርብላቸው ወደ ኢየሩሳሌም ላከ። ጸሐፊውም፣ የወደቁት ይነሣሉ ብሎ ባያምን ኖሮ ስለ ሙታን መጸለዩ ከንቱ በሆነ ነበር ይላል።

(ታሪኩ ያለው በግሪኩ ሁለተኛ መቃብያን ምዕራፍ 12 ነው። ከሰማንያ አሐዱ ቅዱሳት መጻሕፍት የሚቆጠሩት የእኛ ሦስቱ መጻሕፍተ መቃብያን ሌላ ታሪክ ስለሚተርኩ እዚያ የሚፈልገው አያገኘውም። በጉባኤ የሚጠቅሰው መምህር የትኛውን እንደያዘ አስቀድሞ ቢናገር ብዙ ክርክር ይቀራል።)

አብሮ የዘመተ ሰው ለወደቀ ባልንጀራው የሚያደርገው ይህንኑ ነው፦ ያነሣዋል፣ ይጸልይለታል፣ ያዋጣለታል። ስለ እርሱ ማውራት ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው። የመታሰቢያ ስብሰባ የሚበላሸው ተራው ሲገለበጥ ነው፤ ንግግሩ ሦስት ሰዓት፣ ጸሎቱ አምስት ደቂቃ፣ መዋጮው ደግሞ «በሌላ ጊዜ እንነጋገርበታለን» ሲሆን።

ነገሩ የሚጀምረው ከመርዶው ነው። ዛሬ ትልቁ ጥፋት ቤተሰብ ሳይሰማ የሟቹን ፎቶ «ነፍስ ይማር» ብሎ መለጠፍ ነው። እናት የልጇን ሞት ከጎረቤት ልጅ ስልክ ላይ ታየዋለች። ባልንጀሮች መጀመሪያ ከጦር ክፍሉ ያረጋግጡ፣ እስከዚያው አፋቸውን ይያዙ። ከዚያ የቅርብ ዘመድ፣ የንስሐ አባትና አንድ ሁለት ሽማግሌ ሆነው ቤተሰቡ ለሥራ ሳይበተን ጎሕ ሲቀድ ይሂዱ። ከመካከላቸው የእናትየውን ሕመም የሚያውቅ ሰው ይኑር፤ ደም ግፊት ወይም ስኳር ካለባት መድኃኒቷ የት እንደሚቀመጥ አስቀድሞ ይጠየቅ። «ትንሽ ቆስሏል» ብሎ መጀመር የሚያቀል ይመስላል፤ ግን ሴትዮዋ ሆስፒታል ፍለጋ ስትነሣ ሁለተኛ መርዶ ይሆናል። የዳዊት ልጅ አቤሴሎም በውጊያ ሲሞት መልእክተኛው አኪማአስ ከሌላው መልእክተኛ ከኩሻዊው ቀድሞ ሮጦ ደረሰ፤ ዳዊት ስለ ልጁ ሲጠይቀው ግን «ሁከት አየሁ፤ ምን እንደ ሆነ አላወቅሁም» ብሎ አድበሰበሰ (2ኛ ሳሙ. 18)። አድበስባሽ መልእክተኛ የሐዘንተኛውን ጭንቅ ያረዝማል እንጂ አያሳጥርም። እንዴት እንደሞተ ካልተጠየቃችሁ አትዘርዝሩ፤ ከተጠየቃችሁም የምታውቁትን ብቻ በአጭሩ ተናገሩ። «ያው ጦርነት ነው፣ ሰው ይሞታል» የሚለው ቃል ደግሞ ጨርሶ ከአፋችሁ አይውጣ። ዳዊት ወታደሩን ኦርዮን ካስገደለ በኋላ ሰይፍ አንዴ ይህን አንዴ ያን ይበላል ብሎ ለጦር አለቃው ለኢዮአብ የላከው ቃል ይኸው ነበር፤ ነቢዩ ናታን በምን እንደወቀሰው እናውቃለን።

ቀጥሎ ስም። ሐውልት የሚይዘው ሰው የታወቀበትን ስም ነው። በኮሪያ የወደቁት ከ120 በላይ የኢትዮጵያ የቃኘው ሻለቃዎች ወታደሮች በአዲስ አበባም በደቡብ ኮሪያዋ ቹንቾንም መታሰቢያ ቆሞላቸዋል፤ መልካም ነው። በቅዳሴና በፍትሐት የሚጠራው ግን የክርስትና ስም ነው፤ ማዕረግም የቅጽል ስምም እዚያ አይገባም። ችግሩ የምሽግ ባልንጀሮች ብዙ ጊዜ የሚያውቁት የቅጽል ስሙን ብቻ መሆኑ ነው፤ የአባቱን ስም እንኳ የማያውቁ አሉ። እናቱን ጠይቁ፤ እሷ ከሌለች ክርስትና አባቱን፣ እርሱም ካልተገኘ የተጠመቀበትን ደብር። ስሙን፣ የክርስትና ስሙንና ያረፈበትን ቀን በጉልህ ጽፋችሁ ለካህኑ ስጡ። በቃል የተነገረ ስም ማኅሌትና ቅዳሴ ሲደራረብ ይረሳል፤ «ወልደ ማርያም» የተባለው «ወልደ ሚካኤል» ሆኖ ይነበባል። በሁሉም መንገድ ተፈልጎ ካልተገኘ ለካህኑ እንደዚያው ይነገረው፤ እግዚአብሔር ማን እንደሆነ ያውቀዋል። የዳዊት ኃያላን መዝገብ (2ኛ ሳሙ. 23) ሠላሳዎቹን ሲቆጥር የሚጀምረው አበኔር በገደለው በአሣሄል ነው፤ የሚዘጋውም በኬጢያዊው በኦርዮ። ኦርዮን መሰረዝ ለንጉሡ ክብር ይመች ነበር፤ ስሙ ግን አልተፋቀም። እናንተም ከአለቃ ጋር የተጣላውን፣ የሰከረውን፣ ተቀጥቶ የነበረውን ከዝርዝሩ አታውጡ። ክታብ በአንገቱ የተገኘበትንም ቢሆን። ጸሎት የሚያስፈልገው ለማን ሆነና!

ቀኑን በተመለከተ፣ ሥርዓቱ ሠልስት፣ ሰባት፣ ዐሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅና ሙት ዓመት ነው። ሁሉንም በድግስ ማክበር ግዴታ አይደለም፤ ጸሎቱ ግን አይቅር። የሞተበት ቀን ከታወቀ ከዚያ ይቆጠራል፤ ካልታወቀ ከየት እንደሚቆጠር የንስሐ አባት ይወስናል እንጂ ዘመድና ጓደኛ እየተከራከረ አይውሰነው። በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት የለም፤ ስለዚህም በሆሣዕና ከቅዳሴ በኋላ ለሁሉም በአንድነት ይደርሳል። አርባው እዚያ ሳምንት ላይ ከወደቀ ቀድሞ ካህናቱን ማማከር ነው፤ ዕለቱን ድንኳን ተክሎ «አይሆንም» የተባለ ማኅበር ብዙ ነው። በውጭ አገር የምትኖሩ ደግሞ አርባው ማክሰኞ ቢውል ፍትሐቱን በዕለቱ በተገኘው ሰው አስደርሳችሁ ማዕዱን ወደ እሑድ አዙሩት። ሁለቱን አንድ ላይ አስራችሁ ጸሎቱን አታዘግዩ።

ቅዳሴ እንዲቀደስ ከፈለጋችሁ ቢያንስ አምስት ልዑካን ያስፈልጋሉ፤ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት። በገጠርም በውጭ አገርም አንድ ቄስ ብቻ ያለበት አጥቢያ አለ። እዚያ ፍትሐት ይደርሳል፤ ቅዳሴ ግን ከሌላ ደብር ልዑካን ካልመጡ አይሆንም፤ ስለዚህ ከሁለት ሳምንት በፊት ንገሯቸው። የምታገቡት መባ ዕጣን፣ ጧፍ፣ ዘቢብና ለመገበሪያ የሚሆን ንጹሕ ስንዴ ነው። ጧፉ የሰም ይሁን፤ የፓራፊኑ ርካሽ ቢሆንም ያጨሳል። በውጭ አገር ሱቅ ከሚሸጠው ዘቢብ ዘይት የተቀባ አለ፤ ለመሥዋዕት ከመስጠታችሁ በፊት ከማሸጊያው ጀርባ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ።

ሬሳው ያልመጣለት ወታደርስ? የኢያቢስ ገለዓድ ሰዎች ሌሊቱን ሁሉ ተጉዘው የሳኦልንና የልጆቹን ሬሳ ከቤትሳን ቅጥር አወረዱ፤ አጥንታቸውን ቀብረው ሰባት ቀን ጾሙ (1ኛ ሳሙ. 31)። የሚቻል ሲሆን ይህ ይደረግ። የማይቻልበት ጊዜ ግን አለ፤ ፍትሐትም ሬሳ የለም ተብሎ አይቀርም። ከዚህ የሚለየው የት እንደገባ ያልታወቀው ነው። ሞቱ ሳይረጋገጥ ፍትሐት አታስደርሱለት። ስሙን ለካህኑ ሰጥታችሁ መንገድ ከሄዱትና ከታሰሩት ጋር በጸሎት እንዲታሰብ አድርጉ። ቤተሰቡንም «ቁርጡን እወቁ፣ አልቅሱና ይውጣላችሁ» እያላችሁ አታስጨንቁ፤ «ይመጣል» እያላችሁም አትማሉ።

ማዕዱ ላይ ብዙ የጦር ክፍል የሚረሳው ነገር አለ። አንድ ምሽግ ውስጥ ኦርቶዶክሱ፣ ሙስሊሙና ፕሮቴስታንቱ አብረው ኖረዋል፤ ለተዝካር ሲጠሩ ግን በሥጋው ምክንያት ሙስሊሙ ዳር ይቀመጣል። ሁለት ቦታ ማረድ ወጪ ነው፣ ማዕዱንም ይከፍላል። ቀኑ የፍስክ ቢሆን እንኳ የጾም ምግብ ብቻ አቅርቡ፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ንፍሮ። ሁሉም ከአንድ መሶብ ይበላል። ለጸሎቱ ሙስሊሙ በራሱ ዱዓ፣ ስለ ሙታን መጸለይን የማይቀበለው ፕሮቴስታንትም ቤተሰቡን በማጽናናት ይካፈል፤ ፍትሐቱ ላይ ካልቆመ ጓደኝነቱን ክዷል አትበሉት።

ንፍሮው ለ100 ሰው ያህል ከሆነ 5 ኪሎ ስንዴና 2 ኪሎ ተኩል ሽንብራ ይበቃል፤ በእፍኝ ነውና የሚታደለው። ሁለቱም ማታ ለየብቻ ይዘፈዘፉ፣ ለየብቻም ይቀቀሉ፤ እኩል ስለማይበስሉ አንድ ላይ ከተጣዱ አንዱ ሲፈርስ ሌላው ጥርስ ይሰብራል። ውኃውን ጨርሳችሁ አጥልላችሁ፣ ከተቀላቀለ በኋላም ሰፊ ሰፌድ ላይ በትኑት። ትኩሱን በድስት ከድኖ ያሳደረ ጠዋት የሚያገኘው የኮመጠጠ ንፍሮ ነው።

ጠላውና አረቄው ላይ ልጓም ይኑር። ከጦር ሜዳ የተመለሰ ሰው ሌሊት እየባነነ ሲጮኽ ያድራል፤ ጥቂት ጠጥቶ የባልንጀራው ስም ሲነሣ የሚሆነውን ሚስቱ ታውቃለች። ጥይት መተኮስም ይቅር፤ ወደ ላይ የተተኮሰ ጥይት ተመልሶ ይወርዳል። ፉከራና ቀረርቶ የቆየ የወታደር ልቅሶ ወግ ነውና ጨርሶ ይጥፋ አንልም። ነገር ግን ጦርነቱ የወንድማማቾች ከሆነ፣ በዚያኛው ወገን የወደቀውም ተጠምቆ የክርስትና ስም ያለው ልጅ ነው፤ እናቱም በሌላ ደብር አርባውን እያስደረሰች ይሆናል። ቂም የሚያድስ ግጥም ከፍትሐት ማግስት የሚባል አይደለም። ዳዊት ለሚያሳድደው ለሳኦል ሳይቀር «ኃያላን እንዴት ወደቁ» ብሎ አልቅሷል፣ እስከ ማታም ጾሟል።

ስለ ተመላሹ አንድ ነገር እንጨምር። ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሣርያ በ13ኛው ቀኖናው፣ አባቶች በጦርነት መግደልን እንደ ነፍስ ግድያ እንዳልቆጠሩት ያወሳል፤ ሆኖም እጃቸው ንጹሕ አይደለምና ለሦስት ዓመት ከቁርባን ቢታቀቡ መልካም ሳይሆን አይቀርም ይላል። ይህን አንብቦ ማንም በራሱ ላይ ቀኖና አይጫን፤ የሚሰጠው የንስሐ አባት ነው። እኛ የምንይዘው፣ ቤተ ክርስቲያን ወታደሩን ነፍሰ ገዳይ ብላ አልጣለችውም፣ «ምንም አልሆነም፣ እርሳው» ብላም አልሸኘችውም። ተዝካሩ ላይ አንድ ካህን ከማዕዱ በኋላ ንስሐ ለሚፈልግ ሰው እንዲቆይ አስቀድማችሁ ለምኑት። ጠበል የሚጠመቅም ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት ያለ ሐኪሙ ፈቃድ አያቁም።

የቀረው የሟቹን ቤት መርዳት ነው፤ ከሁሉ የሚረዝመውም እሱ ነው። ከተሰበሰበው ገንዘብ ከሦስት እጅ አንዱ እንኳ ለድግስ ባይውል እንመርጣለን። ቤተሰብ ተበድሮ ተዝካር ከደገሰ ማኅበሩ ሊያፍር ይገባዋል። 20 ሰው በወር 200 ብር ቢያዋጣ በዓመት 48,000 ብር ነው፤ ሳይቋረጥ ከመጣ ለልጆቹ ደብተር፣ የደንብ ልብስና የትምህርት ቤት ወጪ ትርጉም አለው። መስጫው ነሐሴ መጨረሻ ይሁን፣ ምዝገባ ካለፈ በኋላ አይደለም። ሒሳቡ ሦስት ፈራሚ ያለው የባንክ ሒሳብ ይሁን፤ በአንድ ሰው ኪስ የተቀመጠ የሙት ልጆች ገንዘብ ወዳጅ ያጣላል።

ጠቡ ግን ብዙ ጊዜ የሚነሣው በሟቹ እናትና በሚስቱ መካከል ነው። ለአንዷ በስውር የተሰጠ ነገር ሌላዋ ዘንድ ተጋንኖ ይደርሳል። በኢየሩሳሌም ቤተ ክርስቲያን መበለቶች በዕለታዊው አገልግሎት ተረሱ ተብሎ ማጉረምረም ሲነሣ ሐዋርያት ሥራውን በስም ለተመረጡ ሰባት ሰዎች ሰጡ (ሐዋ. 6)። እናንተም ሁለት ሰው መርጣችሁ፣ ለልጆቹ ስንት፣ ለወላጆቹ ስንት እንደሚደርስ ሁለቱም ወገን ባሉበት ጽፋችሁ አንብቡላቸው። ሚስት ሌላ ብታገባ የልጆቹ ድርሻ አይቆረጥም። ይህን ከመጀመሪያው ቀን መዝገብ ላይ አስፍሩት፤ በኋላ ከተነሣ ስድብ ይሆናል።

መዝገቡ በሁለት ቅጂ ይጻፍ፤ አንዱ ከገንዘብ ያዡ፣ አንዱ ከደብሩ ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ። ስም፣ የክርስትና ስም፣ ያረፈበት ቀን፣ የቤተሰቡ አድራሻ። ሰዎች ቤት ይቀይራሉና አድራሻው በየሙት ዓመቱ ይታደስ። ማኅበርተኞቹ ሲያረጁ ወይም ሲበተኑ ከወደቁት ልጆች አንዱ ዕድሜው ሲደርስ መዝገቡን ይረከብ፤ ርክክቡም በሙት ዓመቱ ዕለት ካህኑ ባለበት ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።