የጥሻ ወፍ ምን ዓይነት ወፍ ናት?

ወፍ ሆና ሜዳ መሻገር የሚያቅታት አለች ቢሏችሁ አትሳቁ።

ዝናብ በማያጣው የሞቃት አገር ደን ውስጥ ወፍ ሁሉ ዛፍ ጫፍ ላይ አይውልም። ከግዙፎቹ ዛፎች ሥር፣ ሐረጉና ቁጥቋጦው መሃል ተፈልፍላ እዚያው የምታረጅ አለች። የጥሻ ወፍ የምላት እሷን ነው። ሰፈሯ ጨለምለም ያለ ነው። ከላይ ከሚያርፈው ብርሃን መሬት የሚደርሰው ከመቶ ሁለት እጅ ቢሆን ነው። ከጥሻ ወፎች ብዙዎቹ ቡናማና ግራጫ ናቸው። ቀጭን ድምፅ ቅጠል መሃል ይጠፋል፤ ስለዚህ ወፈር ያለ ፉጨት ያፏጫሉ።

በመካከለኛውና በደቡብ አሜሪካ የጉንዳን ወፍ የሚባሉ አሉ። ገብረ ጉንዳን ሲዘምት ፌንጣው፣ በረሮው፣ ሸረሪቱ እግሬ አውጪኝ ይላል። ወፏ ቀጭን ግንድ ላይ ወደ ጎን ተጣብቃ ትጠብቃለች። ዘላ ለቀም፣ ተመልሳ ጥብቅ። ጉንዳኑንማ አትነካውም።

የፓናማ ቦይ ሲሠራ ወንዝ ተገደበ፤ ጋቱን ሐይቅ ሞላ። አንድ ኮረብታ ተከቦ ባሮ ኮሎራዶ የሚባል ደሴት ሆነ። ደኑ እዚያው አለ። ግን በአሥርት ዓመታት ውስጥ ብዙ የጥሻ ወፎች ከደሴቱ ጠፉ። ማዶው ደን እኮ ያን ያህል ሩቅ አይደለም! በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ነገሩን ግልጽ አደረገው። ተመራማሪዎች ወፎቹን ይዘው ሐይቁ ላይ ከጀልባ ለቀቋቸው። አንዳንዶቹ 100 ሜትር እንኳ መብረር አቃታቸው።

ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ የሰሜን ሸዋ ቤተ ክርስቲያን ደን ነው። ዙሪያው ስንዴና ጤፍ፣ መሃሉ ጽድና ወይራ። ደሴት ማለት እኮ እሱ ነው።

የኛ ደን እርግጥ እንደ ፓናማው አይደለም። ሰሜን ሸዋ ያለው የወፍ ዋሻ ደንም ቢሆን ጽድና ዝግባ የበዛበት የደጋ ደን ነው። የጥሻ ወፍ ግን እኛም ጋ አለች። ቅንድቧ ነጭ፣ ደረቷ ብርቱካናማ የሆነች፣ በጀርመናዊው ተጓዥ በኤድዋርድ ሩፔል ስም የምትጠራ አንዲት አለች። ሊነጋጋ ሲልና ሲመሻሽ ታፏጫለች፤ የሌላ ወፍ ድምፅም አስመስላ ትሰርቃለች። እንደ ፓናማዎቹ ግትር አይደለችም። ጥላ ያለው አጥር ካገኘች ጓሮም ትገባለች። ያለ ጥሻ ግን አይሆንላትም።

በልጅነቴ ኪዳን ለማድረስ ስንሄድ እሷን እየሰማን ነበር። ኋላ ግቢው "ይጽዳ" ተባለና ቁጥቋጦው ተመነጠረ። ከሥር ባዶ ሆነ፤ የቀረውን ፍየል ጨረሰው። ወፏ ምን ዋጣት ብዬ አንድ አባት ጠየቅኩ። ቀና ብለው ጽዱን አዩና "ዛፉ መች ተነካ ልጄ?" አሉኝ።