«በረዶው ላይ ላም የለችም»፦ የስዊድኖች አባባልና ትርጉሙ

ስዊድኖች የሚጣደፍ ወይም ያለ ምክንያት የሚጨነቅ ሰው ሲያዩ «ኢንገን ኩ ፖ ኢሰን» ይሉታል። በቁሙ «በረዶው ላይ ላም የለችም» ማለት ነው፤ ዴንማርኮችም ይሉታል። መልእክቱ «ገና ነው፣ ተረጋጋ» ነው።

ሲነገር ግን ግማሹ ይዋጣል። ሙሉው «መቀመጫዋ የብስ ላይ እስካለ ድረስ ላም በረዶ ላይ ናት አይባልም» ነው። ቁም ነገሩም ያለው በዚህ በሚዋጠው ግማሽ ላይ ነው።

አባባሉ የመጣው ከከብት ማጠጣት ነው ይባላል። በብርዱ ወራት ሐይቁ ሲጋገር፣ ገበሬው ከዳር በረዶውን በመጥረቢያ ፈልፍሎ ከብቶቹን ያጠጣል። ላሟ የፊት እግሮቿን ብቻ በረዶው ላይ አድርጋ ስትጠጣ፣ የኋላዎቹ አፈር ቆንጥጠው ስለያዙ እንደ ልቧ ወደ ኋላ ትመለሳለች። አራቱም እግሮቿ ከወጡ ግን ሌላ ጣጣ ነው፦ ኮቴዋ በረዶ አይቆነጥጥም፣ እግሮቿ ግራና ቀኝ ይንሸራተታሉ፣ የጭኗ ጡንቻ ይበጠሳል። በመቶዎች ኪሎ የምትመዝን ላም ደግሞ አንዴ ከተዘረጋች ማን ያነሳታል? በረዶው ከተሰበረማ አለቀ።

ስለዚህ አባባሉ «ምንም አይመጣም» አይልም፤ «መመለሻው አልተዘጋም» ነው የሚለው። ዓርብ ለሚረከብ ሥራ ከማክሰኞ ጀምሮ ለሚዋከብ ባልደረባ ቢሉት ያምራል። ለ3 ሰዓት ስብሰባ 3፡10 የደረሰ ሰው ስለ ራሱ ቢለው ግን አያስቅም፤ ስዊድን ውስጥ ሰዓት ሰዓት ነው።

በረዶው ግን ዛሬም ተረት አይደለም። በሐይቅ ላይ ለመራመድ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ጥርት ያለ ጠንካራ በረዶ ያስፈልጋል። ከድልድይ ሥር፣ ወንዝ ከሚገባበትና ከሸምበቆ አጠገብ ይሳሳል፤ በጸደይ ደግሞ ወፍራሙም ቢሆን አይታመንም። ብቻን በረዶው ላይ መውጣትም አይገባም። እጀታ ያላቸው ሁለት ወስፌዎችም አንገት ላይ ይንጠለጠላሉ። በረዶው ተሰብሮ ውሃ ውስጥ የገባ ሰው ወደ መጣበት ይዞራል፤ ያ በረዶ ችሎት ነበርና። ወስፌዎቹን በረዶው ላይ ሰክቶ፣ በእግሩ ውሃውን እየመታ ራሱን ይጎትታል። ከወጣም በኋላ አይቆምም፤ ጠንካራው ቦታ እስኪደርስ በደረቱ ይሳባል።