«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል»፦ ጃፓን የታጠቀችው መቼ ነው?

ሰሞኑን በአንድ የሬዲዮ ውይይት ላይ ስለ ጃፓን ሲወራ፣ አንድ ተናጋሪ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብሎ ነገሩን ቋጨው። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ በሯን ዘግታ የኖረች አገር በ1868 ብድግ ብላ ሠለጠንኩ አለች፣ ጎረቤቶቿን ወረረች፣ በ1945 ወደቀች፤ በቃ። (ከአንዱ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ነገሩ ሲከነክነኝ ሰነበተ። ተረቱ ለጃፓን ይሆናል፤ እሱ የሰካበት ቦታ ላይ ግን አይሆንም።

ልጅ ሳለሁ አያቴ ለበዓል ሲዘጋጁ የድጋቸውን ጫፍ የምይዝላቸው እኔ ነበርኩ። ድግ ረጅም ነጭ የጥጥ ጨርቅ ነው፤ የእሳቸው ከምሰሶው እስከ ደጃፉ ይደርስ ነበር። እኔ ወጥሬ እይዛለሁ፤ እሳቸው ሌላውን ጫፍ ወገባቸው ላይ አድርገው፣ ቀስ ብለው እየዞሩ፣ እየተጠመጠመባቸው ወደ እኔ ይመጣሉ። «ጠበቅ አድርገህ ያዝ እንጂ!» ይሉኛል። ካላላሁባቸው ፈትተው እንደገና ይጀምራሉ። በመጨረሻ ጫፉን ከእጄ ተቀብለው ከጥምጥሙ ሥር ይሸጉጡታል። የሥራው ቁም ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። ጥምጥሙ የቱንም ያህል ቢጠብቅ፣ ጫፉ ካልተሸጎጠ አንድ ዳገት አያስወጣም።

ተረቱ የተወለደው ዘመቻ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ለእርሻ የሚወጣ ሰው ተረጋግቶ ይታጠቃል። ነጋሪት ሲጎሰም ከቤቱ ተስፈንጥሮ የሚወጣው ግን ጫፉን የሚይዝለት አያገኝም። መጠምጠሙንስ እየሮጠም ይጠመጥመዋል፤ አጥብቆ መሸጎጡ ነው የሚያቅተው። እንዲህ ካየነው የተረቱ ክስ ፍጥነት ላይ አይደለም፤ ሳይሸጎጥ የቀረው ጫፍ ላይ ነው።

በሯን ሊያስከፍት የመጣው የአሜሪካ ባሕር ኃይል አዛዥ የፔሪ አራት መርከቦች በ1853 ኡራጋ ወደብ ደጃፍ ሲቆሙ ጃፓን ወገቧ ባዶ አልነበረም። ከ1635 ጀምሮ መሳፍንቱ ወደ ኤዶ (የዛሬዋ ቶኪዮ) እየተመላለሱ እንዲኖሩ ስለተገደዱ መንገዱና የመንገደኛ ማረፊያው ተስፋፍቷል። የኦሳካ ነጋዴዎች ገና ያልተረከቡትን ሩዝ በወረቀት ይሻሻጡ ነበር። የገበሬና የነጋዴ ልጆች በየሰፈሩ ትምህርት ቤት ንባብና ሒሳብ ይማራሉ። ናጋሳኪ ላይ ደጂማ በምትባል ትንሽ ሰው ሠራሽ ደሴት ተወስነው በሚኖሩት ሆላንዶች በኩል መጻሕፍት ይገባሉ፤ በ1774 አንድ የሰውነት አካል ጥናት መጽሐፍ ከሆላንድኛ ተተርጉሞ ታትሟል። በሩ በተዘጋበት ዘመን ሁሉ ጥምጥሙ እየተጠመጠመ ነበር ማለት ነው። የመጀመሪያው የባቡር መስመርና የትምህርት ዐዋጁ በ1872፣ ብሔራዊ ውትድርናው በ1873 ተከታትለው መምጣት የቻሉትም ለዚህ ነው።

ያልተሸጎጠው ጫፍ በ1889 ሕገ መንግሥት ውስጥ አለ። አንቀጽ 11 የጦሩን አዛዥነት ለንጉሠ ነገሥቱ ሰጠ፤ ጦሩም በዚህ እያመካኘ ካቢኔም ምክር ቤትም አያዙኝም አለ። በ1900 የጦርና የባሕር ኃይል ሚኒስትሮች በሥራ ላይ ካሉ ጄኔራሎችና አድሚራሎች ብቻ እንዲሾሙ ተደነገገ። በ1912 የጦር ሚኒስትሩ ሥልጣን ለቀቀ፣ ጦሩ ምትክ አልሰጥም አለ፣ የጠቅላይ ሚኒስትር ሳዮንጂ ካቢኔ ወደቀ። በዓመቱ ድንጋጌው ቢላላም በ1936 ተመልሶ ጠበቀ። በ1931 ደግሞ ማንቹሪያ በምትባለው የቻይና ግዛት የሰፈረው የጃፓን የኳንቱንግ ጦር መኮንኖች ቶኪዮ ሳታዛቸው ሙክደን ከተማ አጠገብ ሐዲድ አፈንድተው፣ በቻይና አሳብበው፣ ማንቹሪያን መያዝ ጀመሩ።

ታይዋን በ1895፣ ኮሪያ በ1910 የተወሰዱት ግን በመንግሥቱ በራሱ ውሳኔ ነው። የዚያን በደል ምክንያት ተረቱ አያስረዳም፤ እኔም ባልተሸጎጠ ጫፍ አላሳብበውም።

ነገሩ ለእኛም የሩቅ ወሬ አይደለም፤ የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥታችን ሲረቀቅ አርአያ የሆነው ይኸው የጃፓን ሰነድ ነበር።

ዛሬ ተረቱን የምንሰማው ቶሎ የሚሠራን ሰው ሁሉ ለማሸማቀቅ ነው። እባካችሁ ከመናገራችሁ በፊት መቼ መጠምጠም እንደጀመረ፣ ጫፉንም ማን እንደያዘለት ጠይቁ። ለዓመታት ሲማርና ሲቆጥብ የኖረን ልጅ፣ ሱቁን የከፈተበትን ቀን ብቻ አይታችሁ «ሲሮጡ የታጠቁት» አትበሉት።