«ሰብስቦ ማሰር ነበር»፦ ስለ ዊኒፔግ የጎዳና ቡድኖች የሚነገሩ ስሕተቶች

ስለ ካናዳ ነባር ሕዝቦች ወጣቶችና ስለ ጎዳና ወንበዴዎች የተሠራ ፊልም በታየ ቁጥር ያው ፍርድ ይደጋገማል፤ እሳት ለኩሶ ወደ ዊኒፔግ ስለሸሸ የ14 ዓመት ልጅ በሚተርከው በኖአም ጎኒክ «ስትራይከር» (እ.ኤ.አ. 2004) ላይም እንዲሁ። «ሰብስቦ ማሰር ነበር» ይባላል። መስማቱ ያሰለቻል፤ ወደሱ እንመለሳለን።

«ከአሜሪካ ራፕ የቀዱት ነው።» አለባበሱና የቡድኑ ቀለም፣ አዎ። ልጆቹን ከቤት ያወጣቸው ግን ራፕ አይደለም። ከ150,000 በላይ የነባር ሕዝቦች ሕፃናት ከወላጆቻቸው ተነጥለው በአዳሪ ትምህርት ቤቶች አድገዋል፤ የመጨረሻዎቹ የተዘጉት በ1990ዎቹ ነው። ዛሬም ዊኒፔግ ባለችበት የማኒቶባ ክፍለ ሀገር በመንግሥት ጥበቃ ሥር ካሉ 10 ልጆች 9ኙ ገደማ የነባር ሕዝቦች ልጆች ናቸው። ከአንዱ አሳዳጊ ቤት ወደ ሌላው የተንከራተተ ልጅ «ወንድሜ» ብሎ የተቀበለውን ይከተላል።

«ዕፅ እየሸጡ ገንዘብ ይዝቃሉ።» ዕፁን የሚይዘው ታዳጊ አይዝቅም። ከ12 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ በወጣቶች ሕግ ስለሚዳኝ ቅጣቱ ይቀልለታል፤ ትልልቆቹም ይህን ስለሚያውቁ አደጋውን እሱ ላይ ይጥላሉ።

«ማኅበረሰቡ እጁን አጣጥፎ ያያል።» ሐሰት። በ1992 ተመሥርቶ ከዓመታት በኋላ እንደገና የተነሣው ቤር ክላን ፓትሮል በጎ ፈቃደኞቹን ይዞ የሰሜኑን ሰፈር በእግሩ ይጠብቃል።

አሁን ወደ እስሩ። ኢንዲያን ፖሲ የተባለው ቡድን በ1980ዎቹ መጨረሻ በጥቂት የዊኒፔግ ጎረምሶች ተጀመረ፤ ጡንቻ ያወጣው ግን ወኅኒ ቤት ነው። ኔቲቭ ሲንዲኬት የተባለው ሌላ ቡድን ደግሞ መወለዱም እዚያው፣ ስቶኒ ማውንቴን ወኅኒ ውስጥ ነው። ጠብ እንዳይነሣ እስረኞች በየቡድናቸው ሲለዩ፣ ወገን የሌለው አዲስ ገቢ ጠባቂ ፍለጋ አንዱን ይመርጣል። አባላቱን ለመበታተን ወደ ሳስካችዋንና አልበርታ ወኅኒዎች ሲያዛውሯቸውም ቡድኑ አብሯቸው ተጓዘ። ነባር ሕዝቦች ከካናዳ ሕዝብ 5% ገደማ ሆነው ሳለ ከፌዴራል እስረኞች ከ30% በላይ ናቸው። ማሰር ይፈውስ ቢሆን ኖሮ ዊኒፔግ እስካሁን በዳነች።

መፈታቱም ወጥመድ አለው። ፍርድ ቤት «ከቡድኑ አባል ጋር እንዳትገናኝ፣ ከተወሰነ ሰዓት በኋላ ከቤት እንዳትወጣ» ይላል። የልጁ ወንድም አባል ከሆነስ? እናቱ ቤት ማደሩ ብቻ ትእዛዝ መጣስ ይሆንና፣ ማንንም ሳይዘርፍ አዲስ ክስ ይከፈትበታል።

ስለዚህ ከወኅኒ የሚወጣን ልጅ ሊረዳ የሚፈልግ ሰው ቅደም ተከተሉን ይጠብቅ። መታወቂያው ከመፈታቱ በፊት ይውጣ፤ ያለሱ የባንክ ሒሳብም፣ የቤት ኪራይ ውልም፣ ቅጥርም የለም። ማደሪያው ከቀድሞው መንገድ ራቅ ብሎ በተፈታበት ቀን ዝግጁ ይሁን፤ ሦስት ሌሊት ሶፋ ላይ ካደረ ሶፋው የማን እንደሚሆን ይታወቃል። ወንድምየው አባል ከሆነ ጠበቃው ትእዛዙ እንዲሻሻልና የቤተሰብ አባል በስም ተጠቅሶ ከክልከላው እንዲወጣ ፍርድ ቤቱን ይጠይቅ። ይህ ልጁ ከተያዘ በኋላ ሳይሆን አስቀድሞ የሚደረግ ነው። ሥራ ፍለጋው ከዚህ ሁሉ ቀጥሎ ይምጣ፤ አድራሻ የሌለውን ልጅ ቀጣሪ ጠዋት ፈልጎ አያገኘውም።